የሳይክል መፍቻ መጠቅለያና ቦርሳ በእጃችን እንዴት እንደሚሰፋ

የሳይክሌ መቀመጫ ሥር የታሰረችውን ጥቅል ያየ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ከየት ገዛኸው?» አልገዛሁትም፣ ሰፍቼው ነው። ከዚያ «እንዴት?» ይመጣል። ደብረ ብርሃን ላይ ለአንዱ አስረድቼ ሳልጨርስ ከሸዋ ሮቢት ሌላው ይደውላል። እኔም ሁሌ ከልኬቱ አንዱን እረሳለሁ፣ የሰፋው ሰው ደግሞ ጨርቁን ከቆረጠ በኋላ መልሶ ይደውላል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልኬት እስከ መጨረሻው ቋጠሮ እዚህ ልጻፈው።

የምንሰፋው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው መጠቅለያ ነው። መፍቻዎቹ በየኪሳቸው ይገቡና እንደ ሰሌን ይጠቀለላል። ሁለተኛው ፍሬሙ መሐል የሚታሰር ባለ ሦስት ማዕዘን ቦርሳ ነው። መርፌ ይዛችሁ የማታውቁ ከመጠቅለያው ጀምሩ። በእጅ ለሚሰፋ ሰው አንድ ሙሉ ቀን ይወስዳል፣ የስፌት መኪና ላለው ግማሽ ቀን ይበቃዋል።

አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ያዙልኝ። መፍቻ ቦርሳ ውስጥ መንቀሳቀስ የለበትም። አህያ የጫነ ሰው ያውቀዋል፤ ገጣባ የሚያወጣው የከበደ ጭነት ብቻ አይደለም፣ የላላ ጭነትም ነው። ሳይክል ላይም እንደዚያው ነው። ኮብልስቶን ላይ ስትነዱ የመፍቻው ጫፍ ያንኑ አንድ ቦታ ደጋግሞ ይመታል፣ ጨርቁ የፈለገ ቢጠነክር በመጨረሻ ይበሳል። የመጀመሪያዬን የሰፋሁት ከአሮጌ ጂንስ ነበር፣ ኪሶቹ ሰፋፊ ናቸው፣ ክዳንም አልነበራትም። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ወርጄ ስፈታት 15 ቁጥር መፍቻዬ የለም። የካቻቢቴው ኪስ ግርጌ ደግሞ ሽንብራ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ወጥቶበታል፤ ዙሪያው በዘይት ጠቁሯል፣ የጂንሱ ነጫጭ ክሮች ወደ ውጭ ተገልብጠዋል። ከዚህ በታች ያለው ልኬትና አሰፋፍ ሁሉ ያ ቀዳዳ እንዳይደገም ነው።

ምን ይገባበታል?

ጨርቅ ከመቁረጣችሁ በፊት መፍቻዎቻችሁን ጠረጴዛ ላይ ደርድሩ። የኔ ጥቅል የምትይዘው ይህን ነው፦

- ሁለት ጎማ ማውለቂያ
- 15 ቁጥር መፍቻ። በዳዶ የሚታሰር የኋላ ጎማ አብዛኛውን ጊዜ 15 ነው፣ የፊቱ ግን 14ም 15ም ሊሆን ስለሚችል የራሳችሁን ሞክራችሁ ያዙ።
- አለንኪ፣ 4፣ 5 እና 6 ሚሊሜትር
- አጭር ካቻቢቴ
- ትንሽ ፒንሳ
- የጎማ መለጠፊያ፣ ማስቲሽና ቁራጭ ብርጭቆ ወረቀት

መለዋወጫ ከመነዳሪና መንፊያ እዚህ አይገቡም። ጥቅሉን ያሳብጡታል፣ ያበጠ ጥቅል ደግሞ አጥብቆ አይታሰርም። እነሱ ሁለተኛው ቦርሳ ውስጥ ይገባሉ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ሸራ። የጭነት መኪና ሸራ ከሁሉም ይሻላል። ሸራ የሚሰፉ ሰዎች ጋ ቁርጥራጭ አይጠፋም፣ አዲስ መግዛት አያስፈልግም። ለመጠቅለያው 40 በ50 ሴንቲሜትር፣ ለቦርሳው ደግሞ አንድ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ቁራጭ ይበቃል። ሸራ ካጣችሁ ወፍራም ጂንስ ይሆናል፣ ግን ዝናብ ያስገባል።
- ናይለን ክር፣ ጫማ ሰፊዎች የሚጠቀሙበት ዓይነት። የጥጥ ክር አትጠቀሙ፤ እየራሰ እየደረቀ ሲከርም ይበሰብስና ስፌቱ ከጨርቁ በፊት ይለቃል።
- በእጅ ለምትሰፉ ወስፌና ሁለት ወፍራም መርፌ። በመኪና ለምትሰፉ 16 ወይም 18 ቁጥር መርፌ፣ ከዚህ የቀጠነ ይሰበራል።
- ሰም ወይም ጧፍ
- ለማሰሪያ የሚሆን ከአሮጌ የተማሪ ቦርሳ የተፈታ ማንገቻ ከነዘለበቱ
- የተጣለ የመኪና ከመነዳሪ ቁራጭ። ጎሚስታ ቤት ጠይቁ።
- ለቦርሳው የፕላስቲክ ጥርስ ያለው ዚፕ። የብረቱ ይዝጋል።
- ካርቶን፣ ጠመኔ፣ ሜትር፣ ማስመሪያ፣ ስለታም መቀስ
- አሥር ያህል የልብስ መቆንጠጫ። ስፒል ሸራ ላይ የተወው ቀዳዳ ስለማይገጥም ስፒል አንጠቀምም።

ቤት ውስጥ ስላለ ብቻ የሚነሱ፣ ግን የማይሆኑ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው የማዳበሪያ ከረጢት ነው። ለብቻው ፀሐይ ላይ ሲውል ይደርቅና በጣት ሲነኩት ይበጣጠሳል። ሁለተኛው የባና ቁራጭ ነው። የመንዝ ባና ለብርድ የሚያህለው የለም፣ ግን ሱፍ እርጥበት ይዞ ስለሚቆይ ገበር ካደረጋችሁት መፍቻው ውስጥ ለውስጥ ይዝጋል። ሦስተኛው ጠፍር ነው። ዝናብ ሲመታው ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ክረምት ላይ በጠፍር የታሰረ ዕቃ መንገድ ላይ ይቀራል።

ክፍል አንድ፦ መጠቅለያው

1. እያንዳንዱን መፍቻ በወረቀት ለኩ።

ከደብተር ሁለት ጣት ስፋት ያለው ረጅም ወረቀት ቅደዱ። የመፍቻው ሰፊው ቦታ ላይ አንድ ዙር ጠምጥሙትና የተገናኘበትን ምልክት አድርጉ። ዘርግታችሁ ለኩት፣ ለሁለት ክፈሉት፣ ግማሽ ሴንቲሜትር ጨምሩ። የኪሱ ስፋት ያ ነው። ለምሳሌ የኔ 15 ቁጥር መፍቻ ራሱ ላይ ሲጠመጠም 8.6 ሴንቲሜትር መጣ። ግማሹ 4.3 ነው፣ ግማሽ ሴንቲሜትር ሲጨመር 4.8 ይሆናል። 5 ብዬ ያዝኩት። በዓይን ግምት የተሠራ ኪስ ወይ አያስገባም ወይ ያንቀጫቅጫል።

በዚህ መንገድ የወጣው የኔ ልኬት ይኸው፦ ጎማ ማውለቂያዎቹ አንድ ላይ 5፣ መፍቻው 5፣ አለንኪዎቹ 4፣ ካቻቢቴው 4፣ ፒንሳው 6.5፣ መለጠፊያው 7። ሲደመር 31.5 ነው። የጥቅሉ ስፋት 36 ስለሆነ የሚተርፈው 4.5 ለትርፍ ዳዶና ብሎን ኪስ ይሆናል። የናንተ ከ36 ከበለጠ ሸራውን በዚያው ልክ አስፉት።

2. ሸራውን 40 በ50 አድርጋችሁ ቁረጡ።

40 ስፋቱ ነው፣ 50 ቁመቱ። ቁመቱ እንዲህ ይከፋፈላል፦ ከታች 2 ለቅምቅማት፣ 12 ለኪስ፣ 22 ለጀርባ፣ 12 ለክዳን፣ ከላይ 2 ለቅምቅማት። እነዚህን መስመሮች በጠመኔ ከውስጥ በኩል አስምሩ። ኪሱ 12፣ ክዳኑ 12፣ ጀርባው 22 ስለሆነ ክዳኑ ሲወርድ የኪሱን አፍ 2 ሴንቲሜትር ያህል ይሸፍናል። መፍቻ ሾልኮ እንዳይወጣ የሚከለክለው ይህ ሽፋን ነው። ጨርቅ ልቆጥብ ብላችሁ ክዳኑን አታሳጥሩ። ከመፍቻዎቻችሁ ከ20 ሴንቲሜትር የሚረዝም ካለ ደግሞ ክዳኑ አይደርስለትም፣ አጭር ፈልጉ።

3. የላዩንና የታቹን ጠርዝ ቀምቅሙ።

አንድ ሴንቲሜትር እጠፉ፣ እንደገና አንድ ሴንቲሜትር እጠፉ፣ ስፉ። በኋላ የኪሱና የክዳኑ አፍ የሚሆኑት እነዚህ ናቸው። እጅና መፍቻ ሁሌ የሚነካካቸው ስለሆኑ ሳይታጠፉ ከቀሩ ቶሎ ይተለተላሉ።

4. የኪሱን ግርጌ በጎማ አጠንክሩ።

ከከመነዳሪው 32 በ6 ሴንቲሜትር ቁረጡ። ታጥቦ ይድረቅ፤ ውስጡ ያለው ነጭ ዱቄት ካልወጣ አይያያዝም። ኪሱ የሚታጠፍበት መስመር ከቀመቀማችሁት የታች ጠርዝ 12 ሴንቲሜትር ላይ ነው። ጎማውን ከውስጥ በኩል እዚያ መስመር ላይ አስቀምጡት፣ 3 ከላይ፣ 3 ከታች። ዙሪያውን ስፉት። የመፍቻ ጫፍ የሚያርፈው እዚህ ነው፣ ጂንሱም የተበሳው እዚሁ ነበር። ከ36 ይልቅ 32 ያልኩት የጎን ስፌት ላይ ጎማ እንዳይደራረብ ነው።

በመኪና ስትሰፉ ጎማው የስፌት መኪናው እግር ላይ እየተጣበቀ አልሄድ ይላችኋል። ላዩ ላይ ስስ ወረቀት አድርጉና ከነወረቀቱ ስፉት፣ ኋላ ቀድዳችሁ ታወጡታላችሁ።

5. ጎኖቹን እጠፉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው መርፌ ይሰብራል። ኪሱና ከኪሱ ጀርባ የሚሆነው ክፍል (ከታች እስከ 24 ሴንቲሜትር) አንድ ጊዜ ብቻ 2 ሴንቲሜትር ወደ ውስጥ ይታጠፍ። ከዚያ በላይ ያለው ግን ሁለት ጊዜ፣ አንድ አንድ ሴንቲሜትር። ምክንያቱ እንዲህ ነው፦ ኪሱ ወደ ላይ ሲታጠፍ የታችኛው ክፍል ጥሬ ጠርዝ መሐል ላይ ተደብቆ ይቀራል፣ አይታይም፣ አይተለተልም። ሁለት ጊዜ ካጠፋችሁት ግን ኪሱ ሲደረብበት ስድስት ድርብ ሸራ ይሆናል። አንድ ጊዜ ከታጠፈ አራት ነው። አራቱን መርፌ ይችለዋል።

6. ማሰሪያውን አሁን ስፉ።

ኪሱን ከማጠፋችሁ በፊት! ማሰሪያው ከውጭ በኩል፣ ከግራው ጠርዝ 4 ሴንቲሜትር ገባ ብሎ፣ ኪሱ ከሚታጠፍበት መስመር 11 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ ይሰፋል። ግራ የምለው የውስጡን ፊት ወደናንተ አድርጋችሁ ስታዩት ነው። ቦታው ጥቅሉ ሲዘጋ ወገቡ ላይ ይውላል። ኪሱ ታጥፎ ከተሰፋ በኋላ ማሰሪያ ልስፋ ካላችሁ ስፌቱ ኪሱን ይዘጋዋል።

ማሰሪያው 70 ሴንቲሜትር ይሁን። ዘለበቱ ካለበት ጫፍ 15 ሴንቲሜትር ላይ፣ 3 በ3 የሆነ አራት ማዕዘን ስፉና መሐሉን እንደ መስቀል አድርጋችሁ አቋርጡት። አንድ ተራ ስፌት ብቻ ከሆነ ጉተታው ሁሉ እሱ ላይ ይወድቅና ይተረተራል። የተቆረጠውን የማሰሪያ ጫፍ በሻማ ነካ አድርጉት፣ ናይለኑ ቀልጦ ይዘጋል።

7. ኪሱን እጠፉ፣ ጎኖቹን ዝጉ።

መስመሩ ላይ ወደ ላይ እጠፉት፣ በመቆንጠጫ ያዙት፣ መጀመሪያ በስስ ክር ወስውሱት። ሸራ ተንሸራታች ነው። ሳይወሰወስ የተሰፋ ኪስ አንድ ጎኑ ረዝሞ ይወጣል። ቀጥ ማለቱን ካያችሁ በኋላ ጎኖቹን ከጠርዙ ግማሽ ሴንቲሜትር ገባ ብላችሁ በድርብ መስመር ስፉ። የወሰወሳችሁበትን ክር አውጡት።

በእጅ ለምትሰፉ፦ ክሩን ከስፌቱ ርዝመት አራት እጥፍ ቁረጡ። ሰሙ ላይ ሦስት ጊዜ ጎትቱት፤ በሰም ያለፈ ክር አይቋጠርም፣ ውኃ አይጠጣም፣ ቀዳዳውንም ይደፍናል። በሁለቱም የክሩ ጫፍ መርፌ አስገቡ። በወስፌ በየ5 ሚሊሜትሩ ብሱ። አንዱን መርፌ ከፊት፣ ሌላውን ከኋላ በአንድ ቀዳዳ አሳልፉና ሁለቱንም እኩል ሳቡ። ጥርቅ የሚል ድምፅ እስኪሰማ አትሳቡ፣ ሸራው ሸብሸብ ሳይል ክሩ ሲተኛ በቃ። ጥቅሙ አንዱ ክር ቢበጠስ ሌላው ቀዳዳውን ሁሉ እንደያዘ መቆየቱ ነው።

በመኪና ለምትሰፉ፦ የስፌቱን ርዝመት 3.5 ወይም 4 ሚሊሜትር አድርጉት። ጥቅጥቅ ያለ ስፌት የጠነከረ ይመስላል፣ ግን ሸራውን እንደ ቴምብር ጠርዝ በቀዳዳ ይሞላዋል፣ ከዚያ መስመሩን ይዞ ይቀደዳል። አራት ድርብ ቦታ ላይ ስትደርሱ ሞተር ከሆነ አጥፉት፣ የስፌት መኪናውን ጎማ በእጃችሁ አዙሩ። በእጅ የሚዞረው የድሮ ሲንጀር ለዚህ ሥራ በጣም ጥሩ ነው።

8. ኪሶቹን ክፈሉ።

ከቀኝ ጀምሩ። ከባዶቹ (ፒንሳና መፍቻ) ወደ ቀኝ ይሁኑ፣ መለጠፊያው ወደ ግራ። ስንጠቀልል ከቀኝ ስለምንጀምር ከባዱ ብረት መሐል ይውላል፣ ስሱ ነገር ከውጭ ይሆናል። ጥቅሉም ክብ ሆኖ ይወጣል።

ሁሉንም መስመር በአንዴ አትስፉ። አንዱን ሰፍታችሁ መፍቻውን አስገቡ፣ ጥብቅ ብሎ ከገባ የሚቀጥለውን አስምሩ። ስፌቱ ከኪሱ ግርጌ ተነስቶ ወደ አፉ ይሂድ። ሸራው በስፌት ጊዜ ትንሽ ይገፋል። ወደ አፉ ከተገፋ ችግር የለም፣ ወደ ግርጌ ከተገፋ ግን እጥፋት ፈጥሮ ይቀራል። አፉ ላይ ስትደርሱ ሦስት ጊዜ ወደፊትና ወደኋላ መላልሱ። መፍቻ ሲገባና ሲወጣ የሚጎትተው እዚያች ነጥብ ነው።

9. ሞክሩት።

ሁሉንም አስገቡ፣ ክዳኑን አውርዱ፣ ከቀኝ ወደ ግራ አጥብቃችሁ ጠቅልሉ፣ እሰሩ። አሁን ጆሯችሁ አጠገብ አድርጋችሁ ነቅንቁት። ብረት ከብረት ሲጋጭ ከሰማችሁ አንድ ኪስ ሰፍቷል ማለት ነው። ፈልጋችሁ አጠገቡ ሌላ መስመር ስፉና አጥብቡት። አለንኪዎቹ ብቻ ከሆኑ በቁራጭ ከመነዳሪ ቀለበት እሰሯቸው፣ ዝም ይላሉ።

10. ስፌቶቹን በሰም አሽጉ።

የሸራው ፊት ውኃ አያሳልፍም፣ የመርፌው ቀዳዳ ግን ያሳልፋል። በውጭ በኩል እያንዳንዱን ስፌት በሰም አሹት፣ ከዚያ በወረቀት ላይ ለብ ባለ ካውያ ሂዱበት። ሰሙ ቀልጦ ቀዳዳው ውስጥ ይገባል። ካውያው ከጋለ ሸራው ራሱ ይቀልጣል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ቁራጭ ላይ ሞክሩ። ጂንስ ከሆነ ሙሉውን ጨርቅ ሰም ቀቡት።

11. መቀመጫው ሥር እሰሩት።

መቀመጫው ሥር ሁለት ብረቶች አሉ። ማሰሪያው በሁለቱም ላይ አልፎ ጥቅሉን ከሥር አቅፎ ይምጣ። በአንዱ ብረት ብቻ ከታሰረ ይወዛወዛል። የተረፈውን የማሰሪያ ጫፍ ጥቅሉ ውስጥ ክተቱት፣ ተንጠልጥሎ ጎማ እንዳይገባ። በጥቅሉና በኋላ ጎማው መሐል አራት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑር። አጭር ሰው መቀመጫውን ዝቅ ስለሚያደርግ ክፍተቱ ሊጠፋ ይችላል። ያኔ ጥቅሉን ወደ መሪው ወይም ወደ ላይኛው ቱቦ ውሰዱት።

ክፍል ሁለት፦ ባለ ሦስት ማዕዘኑ ቦርሳ

መጠቅለያውን የጨረሰ ሰው ይህ አይከብደውም። ስለዚህ አጠር አደርገዋለሁ።

1. ካርቶን ፍሬሙ ላይ አስጠግታችሁ ቅርጹን አውጡ። ቦታው ከመሪው ሥር፣ የላይኛውና የታችኛው ቱቦ የሚገናኙበት ጥግ ነው። ጉልበት እዚያ አይደርስም። የኔ ላይኛው ጎን 30፣ በታችኛው ቱቦ በኩል 26፣ የኋለኛው ክፍት ጎን 20 ሴንቲሜትር ነው። የናንተ ሳይክል ሌላ ነው፣ ካርቶኑን እመኑ። ጥጎቹን በሳንቲም ዙሪያ ክብ አድርጉ፤ ሹል ጥግ ላይ ስፌት አይዞርም።

2. በካርቶኑ ሁለት ሸራ ቁረጡ፣ ዙሪያውን 1.5 ሴንቲሜትር ለስፌት ጨምሩ።

3. የወገቡን ሸራ ቁረጡ። ወገብ የምለው የቦርሳውን ግራና ቀኝ ጎን ዙሪያውን የሚያገናኘውን ረጅም ቁራጭ ነው። ርዝመቱ የሦስቱ ጎን ድምር ሲደመር 3 ነው፤ በኔ ልኬት 30፣ 26 እና 20 ተደምሮ 76፣ ሲጨመርበት 79። ስፋቱ 9 ይሁን፤ ከስፌት በኋላ 6 ይቀራል። ከ6 በላይ አታድርጉት፣ ሲነዱ ጭን ይነካል። መለዋወጫ ከመነዳሪ በደንብ ተጠቅልሎ ይገባል።

4. ዚፑን በግራው ጎን ላይ ስፉ። ሰንሰለቱ በቀኝ ስለሆነ ቀኝ በኩል ያለ ዚፕ ቅባት ይጠጣል። ከላይኛው ጠርዝ 5 ሴንቲሜትር ዝቅ ብላችሁ 1 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው መስኮት ቁረጡ፣ ዚፑን ከኋላ አድርጋችሁ ዙሪያውን ስፉት። ከዚፑ በላይ 4 ሴንቲሜትር የሆነ ቁራጭ ሸራ እንደ ጣሪያ ክዳን አንጠልጥሉበት፤ ዝናብ በዚፕ ጥርስ መሐል ይገባልና። ጨርቁ ጂንስ ከሆነ የመስኮቱን ጠርዝ ወደ ውስጥ አጥፉት።

5. ማሰሪያዎቹን ወገቡ ላይ ስፉ። ሁለት ለላይኛው ቱቦ፣ አንድ ለታችኛው። ቦርሳው ከተዘጋ በኋላ መኪናው ውስጡ አይደርስም፣ ስለዚህ አሁን።

6. የወገቡን ሁለት ጫፍ አጋጥሙ። መጋጠሚያው ላይኛው ቱቦ ሥር እንዲውል አድርጉ፣ ቱቦው ራሱ ከዝናብ ይከልለዋል።

7. ወገቡን ከአንዱ ጎን ጋር አያይዙ፣ ፊት ለፊት ገጥማችሁ፣ የውስጡ ፊት ወደ ውጭ ሆኖ። ጥጎች ላይ ወገቡን አንድ ሴንቲሜትር ያህል በመቀስ ጠቅ ጠቅ አድርጉት፣ ያኔ ይዞራል። ከስፌቱ መስመር እንዳታሳልፉ።

8. ዚፑን ክፈቱት። ከዚያ ሁለተኛውን ጎን ስፉ፣ በዚፑ በኩል ገልብጡት። ዚፑ ተዘግቶ ከተሰፋ ቦርሳው አይገለበጥም፣ መተርተር ነው።

ስታስሩት የፍሬን ሽቦውን ተመልከቱ። ሽቦው በላይኛው ቱቦ ሥር የሚያልፍ ከሆነ ማሰሪያው በሽቦውና በቱቦው መሐል ይለፍ። ሽቦውን አብሮ ካሰረው ፍሬኑ ይይዛል ወይም አይመለስም።

ተጠንቀቁ

ታስሮ ካለቀ በኋላ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራና ወደ ቀኝ አዙሩ፣ ፔዳሉን ወደኋላ አሽከርክሩ፣ ሁለቱንም ፍሬን ጨምቁ። አንዱ ቢነካ አስተካክሉ። ይህን ሳታዩ ወደ ቁልቁለት አትውጡ። ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ ከፊታችሁ ያለውን መኪና እንኳ ማየት ይከብዳል፣ ያ ቦታ የማሰሪያ መፈተኛ አይደለም።

ማስቲሽ በቀላሉ እሳት ይይዛል። ከሻማና ከካውያ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጡት፣ ስትጠቀሙበትም በር ክፈቱ። የሸራ ጠርዝ በእሳት አታቃጥሉ፣ ጭሱ ደረት ይጎዳል። በሻማ የሚነካው የማሰሪያው ጫፍ ብቻ ነው። የቀለጠ ናይለን ቆዳ ላይ ይጣበቃል፣ በጣት አትጭመቁት፣ በፒንሳ ያዙት።

በወስፌ ስትበሱ ከሥር ቁራጭ እንጨት ይኑር። ጉልበት ላይ አስቀምጦ መብሳት የለም።

የሚደጋገሙ ስህተቶች

ሰው አምጥቶ ሲያሳየኝ ከማያቸው ውስጥ አብዛኛው ከእነዚህ አንዱ ነው።

ኪሱ ጥልቅ ሆኖ መፍቻው ሙሉ ለሙሉ ይገባል። ከዚያ በብርድ ጣት ማውጣት አይቻልም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር ከፍ ያለች ናት፣ ጠዋት ላይ ጎማ ሲተነፍስ ጣት አይታዘዝም። መፍቻው ከኪሱ ቢያንስ ሦስት ጣት ብቅ ይበል።

ካቻቢቴ ጫፉ ወደ ላይ ሆኖ ይገባል። ክዳኑን ይበሳል። ሹል ነገር ሁሉ ጫፉ ወደ ኪሱ ግርጌ፣ ወደ ጎማው ይሁን።

የተከፈተ ማስቲሽ ለወራት ይቀመጣል። አንዴ ከተከፈተ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ቀስ እያለ ይተናል፣ ሲፈለግ ድንጋይ ሆኖ ይገኛል። ሸዋ ሮቢት ሙቀት ላይ ደግሞ ይብሳል። ያልተከፈተ ያዙ፣ ከተጠቀማችሁበት በቅርቡ ቀይሩ።

ማሰሪያው በአንድ ዙር ብቻ ይታሰራል። ማሰሪያው ጥቅሉን ሁለት ጊዜ ይዙር፤ አንዱ ዙር ብረቶቹን ይይዛል፣ ሌላው ጥቅሉን ብቻ ያጠብቃል።

ክረምት ላይ

ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ አያቋርጥም፣ ሰም የተቀባ ስፌትም ቢሆን በመጨረሻ ያስገባል። መለጠፊያውንና ብርጭቆ ወረቀቱን በትንሽ ፌስታል ጠቅልሏቸው፤ የራሰ ብርጭቆ ወረቀት አይፍቅም፣ የራሰ መለጠፊያም አይዝም። መፍቻዎቹን የሞተር ዘይት ጠብ ባለበት ጨርቅ አብሱ። ጠብ ብቻ፣ የሚንጠባጠብ አይሁን፤ ዘይት የኪሱን ጎማ ያሳብጠዋል።

ዝናብ መትቷችሁ ቤት ስትገቡ ጥቅሉን ሳትፈቱ አትደሩ። ፍቱት፣ መፍቻዎቹን አውጡ፣ ክዳኑን ወደ ታች አድርጋችሁ ስቀሉት። ውኃው በክዳኑ በኩል ይወርዳል። ምድጃ አጠገብ አታድርቁት፣ ሰሙ ይፈስሳል፣ ሸራውም ይሰነጠቃል። ነፋስ ያለበት ጥላ ሥር አንድ ሌሊት ይበቃዋል። ጠዋት ስትመልሱት የኪሶቹን ግርጌ በጣታችሁ ዳብሱ፤ የሻከረ ወይም የሳሳ ቦታ ካገኛችሁ ቀዳዳ ሳይሆን በፊት ሌላ ቁራጭ ከመነዳሪ በማስቲሽ ለጥፉበት።